የላስታ እህልና የልጆች ደም

«ጤፍ ደም ይሆናል» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። «ጤፍ ግሉተን የለውም» የሚለውን የሰማሁት ግን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ዛሬ ሰው ሁለቱን አዋህዶ፣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በጤፍ የኖረ፣ ደሙ የሞላ፣ ፈረንጆችን ያስቸገረው የግሉተን ጣጣ ያልነካው አድርጎ ያወራል። እኔ የላስታዋ የገነተ ማርያም ሰው ነኝ፤ ያሳደገኝ ገብስ ነው። መተዳደሪያዬ ደግሞ የላቦራቶሪ ሥራ ነበር፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የልጆችን ጣት እየወጋሁ ሄሞግሎቢን ስለካ ኖሬያለሁ። እህሉንም ደሙንም ከቅርብ ስላየሁ፣ የላስታ ታሪክ ከዚያ ወሬ ጋር እንደማይገጥም እነግራችኋለሁ።

ገነተ ማርያምን ብዙ ሰው የሚያውቃት በቤተ ክርስቲያኗ ነው። ላሊበላን ሊሳለም ወይም ሊጎበኝ የመጣ ሰው ጊዜ ካገኘ እሷንም አይቶ ይመለሳል። ከአንድ አለት ተፈልፍላ የወጣች፣ ዙሪያዋን ዓምዶች የቆሙላት፣ ውስጧ በሥዕል ያጌጠ ናት። ከሥዕሎቹ መካከል ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. የነገሡት የአፄ ይኩኖ አምላክ ምስል ይገኛል። ለተወላጁ ግን አገሩ ከምንም በፊት ቁልቁለትና አቀበት ነው። ወደ ላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ታች ውኃው ሁሉ ወደ ተከዜ ይወርዳል። እህሉም እንደ ውኃው ደረጃ አለው። ከላይ ውርጩን የሚችለው ገብስ ብቻ ነው። ዝቅ ሲባል ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር ይከተላሉ። ወይና ደጋው ላይ ጤፍ ይመጣል። ቆላው ደግሞ የማሽላ ነው።

ስለዚህ በላስታ «ምን ትበላለህ?» የሚለው ጥያቄ «ከየትኛው ከፍታ ነህ?» ከሚለው አይለይም። ደገኛው ቅዳሜ ገብሱንና በጉን ይዞ ወደ ላሊበላ ገበያ ይወርዳል፤ የሚተርፈው ገንዘብ ካለ ለዓመት በዓል ወይም ለሠርግ የሚሆን ጤፍ ሸምቶ ይመለሳል። በእኛ ቤት የጤፍ እንጀራ ከቀረበ እንግዳ መጥቷል ወይም በዓል ነው ማለት ነው። የዘወትሩ እንጀራ የገብስ ነበር፤ ወፈር ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ትኩሱን በተልባ ወይም በሽሮ ሲበሉት ግን የሚያጠግብ።

ገብስ በደጋው ያልገባበት የለም። መንገደኛው በሶ ይቋጥራል። እረኛው ቆሎ በኪሱ ይዞ ይውላል። አራስ የገብስ ገንፎ በቅቤ ትበላለች። ሕፃኑ ጥርስ ማብቀል ሲጀምር የገብስ አጥሚት ይቀምሳል። ጠላው የሚጠመቀው በገብስ ብቅል ነው፤ አሻሮውም ከገብስ ይቆላል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን የተዘዋወረውና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በመጽሐፉ ጤፍንም ገብስንም ያነሣል። ደጋው ያኔም የገብስ ነበር።

ስንዴ ሌላ ማዕረግ ነበረው። ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት ከስንዴ በቀር ከሌላ እህል አይሆንም። ዲያቆናቱ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ባለችው ቤተልሔም ውስጥ ያሰናዱታል። ከዚያ ውጭ ስንዴ የድፎ ዳቦ እህል ነበር። ድፎውም የሚደፋው ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለቡሄ፣ ለእንቁጣጣሽ ነው። ልጅ ዳቦ ሲያገኝ የት እንዳገኘው ያስታውስ ነበር፤ በየቀኑ ስላልነበረ።

ይህ ልማድ የተለወጠው በችግር ቀን ነው። ላስታ ረሃብን በየትውልዱ ያውቀዋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ እርሻውን አስቁሞ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ዋግንና ላስታን የመታው ረሃብ ብዙ ሳይነገርለት አለፈ። የ1966ቱ መንግሥት ገለበጠ፤ የ1977ቱ ደግሞ ዓለምን ሁሉ በቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠ። ከ1966ቱ ጀምሮ የእርዳታ ስንዴ በጆንያ ላስታ ወዳለችበት ወደ ወሎ መግባት ጀመረ። ቻይናዎች የሠሩት የወልዲያ–ወረታ መንገድ ጋሸናን ካገናኘ በኋላ መኪናው ወደ ላስታ መጠጋት ቻለ። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የሚባለው መርሐ ግብር ሲጀመር ደግሞ ስንዴ ለብዙ ቤተሰብ የእርከንና የመንገድ ሥራ ደመወዝ ሆነ። በዓል ይጠብቅ የነበረው እህል የእሑድና የሰኞ ቂጣ ሆኖ ቀረ። ልጆች ጠዋት ዳቦ፣ ማታ የስንዴ እንጀራ መብላት ለመዱ።

ከስንዴው ጋር አብሮ የመጣ ሌላም ነገር ነበር፤ ፋፋ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ነው ያሰናዳው። ስንዴ፣ ሽምብራና የወተት ዱቄት የተቀላቀለበት ነው፤ ዋናው ግን ስንዴው ነው። የተመጣጠነ ምግብ ላጡ ሕፃናት ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ እኔም ታናናሾቼ በሱ ሲያገግሙ አይቻለሁ። ይህ ክፍል በ1968 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ።

የጤፍና የደም ወሬም በወረቀት የተመረመረው በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው አገር አቀፍ የአመጋገብ ጥናት አድርገው ነበር። ያገኙት ነገር አስገርሟቸዋል፤ የኢትዮጵያ ሰው በቀን የሚበላው ብረት በሌላ አገር ከሚታወቀው እጅግ ይበልጣል። ቀጥሎ ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር የኢትዮጵያውያንን ደም መርምሮ ውጤቱን በ1968 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እሱም የብረቱን ብዛት አረጋገጠ፤ በብረት እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ግን ከድኻ አገር ከሚጠበቀው ያነሰ ሆኖ አገኘው። ሰውም ከዚህ ተነሥቶ «ጤፍ ደም ይሆናል» የሚለውን በሳይንስ አጸናው።

ግን ብረቱ ከየት መጣ? ይህን ለመመለስ አውድማ ላይ መቆም ይበቃል። በወይና ደጋው ጤፍ ሲደርስ አውድማው ይለቀማል፣ ይጠረጋል፣ ውኃ ይረጭበታል፣ በከብት እግር ይረገጣል፣ ከዚያ በእበት ይለቀለቃል። ሲደርቅ ነዶው ይነጠፋል። በሬዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ልቅላቂው ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር እንደ ዱቄት ይነሣል። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ 1,000 ፍሬ ተሰብስቦ አንድ ግራም አይሞላም። ስለዚህ አፈሩን በላይዳ ብትበትነው በሰፌድም ብታበጥረው ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ገብስ በሙቀጫ ተወቅጦ ገለፈቱ ሲወጣ ብዙ አፈር ከገለፈቱ ጋር ይሄዳል፤ ጤፍ ግን ከነሽፋኑ ነው የሚፈጨው። አፈራችን ደግሞ ቀይ የሆነው ብረት ስላለበት ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. አንድ ስዊድናዊ ተመራማሪ፣ የኢትዮጵያ ጤፍ የብረት ብዛት ከአፈር የመጣ ነው ብሎ ጻፈ። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጤፉን አጥበው ሲለኩት ብረቱ በጣም ቀነሰ። ጤፍ ታጥቦም ብረት አለው፤ ከስንዴና ከገብስ አያንስም። ግን በአውድማ አፈር የተቀባው ብረት የዝገት ዓይነት ስለሆነ አንጀት ብዙውን ሳይቀበለው ያሳልፈዋል። ልጅ በቀን ወደ ደሙ ማስገባት የሚያስፈልገው ብረት 1 ሚሊግራም ግድም ነው። ያን ያህል አነስተኛ ነገር ለማስገባት የሚያስቸግረው የብረት ማነስ ብቻ አይደለም፤ የአንጀቱ በር አለመከፈቱም ነው። በእርሾ የሚቦካ ሊጥ እዚህ ላይ ይረዳል። በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ነገር መቦካቱ ይፈታዋል። ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ብረቱን መልሰው ያስሩታል።

በሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ሆላንድ እንሂድ፤ እዚያም ነገሩ የተገለጠው በረሃብ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1888 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሳሙኤል ጊ የሚባል ሐኪም፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ እግራቸው የቀጨጨ፣ ሰገራቸው ነጣ ያለና ብዙ የሆነ ልጆችን ገልጾ ጽፎ ነበር። መድኃኒቱ ከምግብ እንደሚመጣ ገምቷል፤ የትኛው ምግብ እንደሆነ ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት አልታወቀም። ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በ1944–45 እ.ኤ.አ. ክረምት ጀርመኖች እህል እንዳይገባ ከለከሉና ምዕራብ ሆላንድ ተራበ። ሰው የአበባ ሥር ቆፍሮ እስከ መብላት ደረሰ። ዳቦ ጠፋ። የዲክ ሕመምተኛ ልጆች ግን በዚያ ጊዜ ተሻላቸው። ስንዴ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። በ1950 እ.ኤ.አ. በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑን አስረዳ። ቀጥሎም በስንዴው ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን እንደሆነ ታወቀ።

ሴሊያክ የምንለው በሽታ ይህ ነው። አለርጂ አይደለም፤ ሰውነት ግሉተንን ጠላት አድርጎ ሲዋጋ የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያቆስልበት ነው። የጤነኛ ልጅ አንጀት ውስጡ እንደ አዲስ ባና ጠጉራም ነው፤ ምግብ የሚመጠጠው በዚያ ጠጉር ነው። ሴሊያክ ጠጉሩን ያረግፈውና ሜዳ ያደርገዋል። ይህን በ1954 እ.ኤ.አ. ፖሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ከተገኘ ናሙና አሳየ። ይበልጥ የሚጎዳው የትንሹ አንጀት የመጀመሪያው ክፍል ነው። ብረት ወደ ደም የሚገባውም በዚያው በኩል ነው። ለዚህ ነው በብዙ ልጆች ላይ የሴሊያክ የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም ብቸኛው ምልክት ደም ማነስ የሚሆነው። ሆዱ ሳይነፋ፣ ተቅማጥ ሳይኖረው፣ ፊቱ የገረጣና የሚደክመው ልጅ ነው። የብረት ሽሮፕ ቢሰጠውም ደሙ አይነሣም፤ ሽሮፑም የሚያልፈው በዚያው በተላጠ አንጀት ነውና።

ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በቤተሰቤ ነው ያወቅኩት። የእህቴ ልጅ ስዊድን ትኖራለች። ሴት ልጇ አራት ዓመት ሲሞላት ደሟ አንሶ ተገኘ። ብረት ተሰጣት፤ አልተሻላትም። በመጨረሻ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራና የአንጀት ናሙና ተደረገላትና ሴሊያክ ሆነ። ስዊድን ለዚህ በሽታ አዲስ አይደለችም። እኛ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ውስጥ ስንዴ ስንለምን፣ በዚያው ዘመን እነሱ ጋ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ሴሊያክ ከቀድሞው አራት እጥፍ ግድም ሆኖ እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ቆይቷል። የዚያ ዘመን ሕፃናት ጡት ሲጥሉ በርካታ የስንዴ ዱቄት ያለበት ምግብ ይሰጣቸው ነበር።

የእህቴ ልጅ ስልክ የደወለችው እናቷ ከላስታ የላከችላት በሶ እጇ ላይ ሳለ ነው።

«ጋሼ፣ ስንዴ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ገብስም አይሆንም አሉኝ። እናቴ ለፍታ የላከችው በሶ ምን አደረገ?»

«በሶው ምንም አላደረገ። የልጅሽ አንጀት ነው የማይችለው። በገብስም የግሉተን ዘመድ አለ፤ ሆርዲን ይሉታል።»

«ታዲያ እንጀራውስ? የምገዛው እኮ ጤፍ ነው።»

«ጤፍ ብቻ መሆኑን ጠይቂ።»

ጠየቀች። እንጀራው ገብስና የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ነበር። በውጭ አገር የሚሸጥ ብዙ እንጀራ እንዲህ ነው፤ ጤፉ ብቻውን ውድ ነው፣ በሌላ አገር ውኃና አየርም ሲጋገር ያስቸግራል። ልጅቷ ዳቦ ካቆመች በኋላ የአገሯን ምግብ ስትበላ ነበር ሕመሙ የቀጠለው።

ሁሉም ከተቋረጠ በኋላ ደሟ የሄደበትን መንገድ ውጤቱን እየላከችልኝ ተከታተልኩት። መጀመሪያ ሄሞግሎቢኗ 8.7 ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት ወጣና ከግማሽ ዓመት በኋላ 11.8 ደረሰ። ተቀማጩን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ግን ገና ዝቅ ብሎ ቆየ። ይህ የተለመደ ነው። ቀይ የደም ሴሎቹ ቀድመው ይስተካከላሉ፤ ጎተራው የሚሞላው ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። አብሮ ብረት ቢሰጥም አሁን አንጀቱ ስለሚቀበል ይሠራል። ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንም በዚሁ በተጎዳው የአንጀት ክፍል ስለሚገባ ከግሉተን ጋር ሲጣሉ ይጎድላል፤ ሲታረቁት ሳይሆን ሲለዩት ይመለሳል።

በማይክሮስኮፕ ሥር ለውጡ በዓይን ይታያል። የብረት እጥረት ያለበት ልጅ ደም ስላይድ ላይ ቀጭን ሆኖ ሲዘረጋና ሲቀለም ሴሎቹ ያንሳሉ። መሐላቸው ነጣ ብሎ ጠርዛቸው ብቻ ቀጭን ቀለበት ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ እንደ እርሳስ ረዝሞ ይታያል። ሕክምናው ሲይዝ አዳዲሶቹ ሞላ ያሉ ሴሎች ከአሮጌዎቹ ጎን ይቆማሉ፤ ለጥቂት ሳምንት ሁለት ዓይነት ደም በአንድ ስላይድ ላይ ይታያል። ከዚያ አሮጌዎቹ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ይወጣሉ። ቀይ ሴል የሚኖረው 120 ቀን ግድም ነውና። በአዋቂ ሴሊያክ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል፤ ጣፊያ ሥራዋን ስትቀንስ ሃዌል–ጆሊ የሚባሉ ነጠብጣቦች በሴሎቹ ውስጥ ይቀራሉ።

አሁን ወደ ጤፍ እንመለስ። በ2005 እ.ኤ.አ. የላይደን ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው፣ የሴሊያክ ሕመምተኞችን ሰውነት የሚያስቆጣው የግሉተን ክፍል በአንዳቸውም እንደሌለ አሳወቁ። ውጤቱ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ዘር ተዋዋለች። ኩባንያው በ2007 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የፈጠራ ባለቤትነት አገኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሠረ። መብቱን በሆላንድ ውስጥ ዋጋ ያሳጣው የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የሰጠው ውሳኔ ነው። ብዙ የተከራከርንበት ጉዳይ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ፈረንጆቹ ጤፍን የፈለጉት እኛ በምናመሰግነው ነገር አለመሆኑ ነው። እኛ ስላለው ብረት እናወድሰዋለን፤ ያ ብረት ደግሞ ከፊሉ ከአውድማ ነው። ለሴሊያክ ልጅ የጤፍ ትልቁ በጎነት የሌለው ነገር ነው። ስዊድን ያለችውን ልጅ ደም የመለሰው ጤፉ ያስገባው ሳይሆን ጤፉ ሲገባ የወጣው ስንዴና ገብስ ነው።

በእርግጥ ጤፍ ከዚያም ያለፈ ጥቅም አለው። በአውሮፓ ሱቆች ከግሉተን ነፃ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ዳቦዎች የሩዝና የበቆሎ ስታርች ናቸው፤ ብረትና ፎሌታቸው ጥቂት ነው። ግሉተንን ሸሽቶ በእነዚያ ብቻ የኖረ ልጅ ደሙ ዳግም ሊያንስ ይችላል። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ሥጋ ያለበት ገበታ ይሻላል። ሽሮም ያለ ስንዴ ከተሰናዳ ይሆናል።

ለላስታ ልጅ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደገኛው ቤት የሚያድግ ልጅ ግሉተንን የሚያገኘው ከአጥሚቱ ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያውያን ልጆች ለሴሊያክ የሚያጋልጡ ዘረ መሎችን ይይዙ እንደሆነ ኢትዮጵያውያንና ስዊድናውያን ተመራማሪዎች አጥንተው በ2020 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ዘረ መሎቹ እኛም ጋ አሉ። ዘረ መሉን የሚይዝ ሁሉ አይታመምም፤ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚታመመው። ስለዚህ «እኛን አይነካንም» ማለት ከጤፍ ቤት የወጣ ወሬ እንጂ ከገብስ ቤት የወጣ አይደለም። የታመመ ልጅ በደጋው ቢገኝ መድኃኒቱ የቆላማው ወይም የባለገንዘቡ እህል ነው። በወፍጮ ቤት ያለው ችግርም አለ፤ ጤፉ ከመፈጨቱ በፊት ገብስ ያስፈጨው ሰው ዱቄት በወፍጮው ውስጥ ይቀራል። ዓለም አቀፉ ልክ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ 20 ሚሊግራም ግሉተን ነው፤ ከወፍጮ የቀረ እፍኝ ዱቄት ያንን ያልፋል። ምጣዱም፣ ሰፌዱም፣ የሊጥ ማቡኪያውም ለብቻ መሆን አለበት። ቅዱስ ቁርባንን በተመለከተ ደግሞ የንስሐ አባቱን ማማከር ነው።

ገብስን እየከሰስኩ አይደለም። ለአብዛኛው ልጅ ገብስ ጥሩ እህል ነው፤ እኔንም ያቆመኝ እሱ ነው። በአገራችን የልጆችን ደም የሚያሳንሱ ብዙ ነገሮች አሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት 57 ከመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። የሴሊያክ ድርሻ በዚህ ውስጥ ትንሽ ነው። ቆላ ሲወርዱ ወባ አለ፤ ሳር ለሳር በባዶ እግር የሚሄድ ልጅ ላይ የአንጀት ትል አለ፤ ሥጋ ሳይበሉ የሚያድጉ ብዙ ናቸው። ከፍታውም ያሳስታል። ተራራ ላይ የሚኖር ሰው ሰውነቱ አየሩን ለማካካስ ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ናት፤ እኔ በምሠራበት ዘመን እዚያ ከተለካው ላይ 1.3 ይቀነስ ነበር። ለሕፃናት ወሰኑ 11 ነበር። በዚያ ልክ 11.5 ያመጣ የላስታ ልጅ ለቆላው ደኅና ነበር፤ ለእኛ ግን 10.2 ነበር፣ ደም አንሶታል።

ስለዚህ ከእኔ በኋላ ላቦራቶሪ የገባችው ወጣት ብትጠይቀኝ የምነግራት ይህን ነው። ከፍታውን ቀንሺ። ወባውንና ትሉን ፈልጊ። ብረቱ ተሰጥቶት እንደሆነና እናቱ በትክክል እንዳጠጣችው ጠይቂ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ደሙ ካልተነሣ ስለ እህሉ ጠይቂ፤ ምን ይበላል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው። የሴሊያክ ምርመራ በጤና ጣቢያ አይሠራም፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ አለበት። እናቱ በፍርሃት ገብሱንና ስንዴውን እንዳታቆምበት ንገሪያት። ልጁ ግሉተን እየበላ ካልተመረመረ ፀረ እንግዳ አካሉ ይቀንሳል፣ አንጀቱም መዳን ይጀምራል፤ ምርመራውም በሽታውን ሳያየው ያልፋል። ገብሱ ከገበታው የሚነሣው ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነው።